«ይወጣዋል» ብለን አንለፈው
በችግር ቤት ስላደገ ልጅ ጽናትና ስለ አጥቢያው ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት በድህነትና በተናጋ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚያድጉ ልጆች፣ ስለ ጽናታቸውም ነው። ትምህርቱ በአንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ተነብቦ ውይይት እንዲደረግበት ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ለሥራ በየአጥቢያው ስንዘዋወር ድጋፍ የሚሹ ልጆችን ከኮሚቴዎች ጋር እንለያለን። በዚህ ጊዜ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ «እሱ ጎበዝ ነው፤ ይወጣዋል» የሚል። አባቱ ቤቱን ጥሎ የሄደ፣ እናቱ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምታሳድገው፣ ከትምህርት በኋላ በገበያ ዕቃ የሚሸከም፣ ሆኖም በክፍሉ ከፊተኞቹ የሚቆጠር ልጅ ስሙ ሲነሣ ሁሉም ያደንቀዋል። ከዚያ በኋላ ስሙ ከመዝገብ ይታለፋል። የሚያለቅሰውና የሚያስቸግረው ልጅ ይጻፋል፤ ዝም ብሎ የሚሸከመው ይቀራል። ጽናቱ ምስጋና አትርፎለታል፤ እንጀራ ግን አልጨመረለትም።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በችግር ውስጥ ያደገ ልጅ ጸንቶ ሲቆም ያቆመው ምንድን ነው? የራሱ ብርታት ብቻ ነውን? ወይስ ብርታቱን ያሳደረበት፣ የደገፈውና የጠበቀው ሌላ ነገር አለ? መልሱ ስብከታችንንም የልማት ሥራችንንም የሚለውጥ ስለሆነ በጥንቃቄ እንከተለው።

፩. ቤተሰቡ የበደለው ልጅ፤ ዮሴፍ

ቅዱስ መጽሐፍ የአባቶችን ቤት ነውር አይሸፍንም። የያዕቆብ ቤት የበረከት ቤት ነበረ፤ የቅናትና የፉክክር ቤትም ነበረ። ልጆቹ የተወለዱት ከአራት እናቶች ነው። የዮሴፍ እናት ራሔል ብንያምን ስትወልድ በመንገድ ሞታለች (ዘፍ. 35)፤ ዮሴፍም ያለ እናት ቀርቷል። አባቱ ከሁሉ አብልጦ ስለ ወደደው ልዩ ቀሚስ አደረገለት፤ ያ ፍቅር ለወንድሞቹ ጥላቻ ምክንያት ሆነ። ይህ አድልዎ በያዕቆብ የጀመረ አይደለም። በያዕቆብ አባት በይስሐቅ ቤትም አባት ዔሳውን፣ እናት ያዕቆብን ያበልጡ ነበር (ዘፍ. 25)። የቤት ስብራት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እንዴት እንደሚወርስ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አይገኝም።

ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በገዛ ወንድሞቹ እጅ በሃያ ብር ተሸጠ። በፈርዖን ፊት ሲቆም የ30 ዓመት ሰው ነበረ (ዘፍ. 41፥46)። በመካከል ያለው ዘመን 13 ዓመት ነው። ባርነትን፣ የሐሰት ክስን፣ የግዞት ቤትን በእነዚህ ዓመታት አሳለፈ። ስለ ዮሴፍ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ትዕግሥቱንና ንጽሕናውን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩን ቀረብ ብለን ስናነብ ልናልፋቸው የማይገቡ አራት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ መጽሐፉ ደጋግሞ ይነግረናል፤ የእግዚአብሔርም መግቦት በሰው እጅ ሲገለጥ ያሳየናል። ጲጥፋራ ችሎታውን አይቶ ቤቱን አስረከበው። የግዞት ቤቱ አለቃ እስረኞቹን በእጁ ሰጠው። በየደረሰበት ስፍራ ያየው፣ ኃላፊነትም የሰጠው ሰው ነበረ።

ሁለተኛ፣ የጠጅ አሳላፊው ከግዞት ሲወጣ ዮሴፍን ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ በግዞት ቆየ። እነዚህ ሁለት ዓመታት የዮሴፍ ጽናት የጎደለባቸው አልነበሩም፤ የጎደለው የሌላው ሰው ማስታወስ ነበር። እኛም «ይወጣዋል» ብለን ስሙን ከመዝገብ ያለፍነው ልጅ ዘንድ የጠጅ አሳላፊውን እንመስላለን።

ሦስተኛ፣ ዮሴፍ ጸና ማለት አልቆሰለም ማለት አይደለም። በግብፅ ላይ ከተሾመም በኋላ ከወንድሞቹ ፊት ፈቀቅ ብሎ አልቅሷል፤ ወደ እልፍኙ ገብቶ አልቅሷል፤ በመጨረሻም የፈርዖን ቤት እስኪሰማ ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልቅሷል (ዘፍ. 42፣ 43፣ 45)። የበኵር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራውንና የአባቱን ቤት እንዳስረሳው በመናገር ነበር፤ ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ግን ቁስሉ እንዳለ ተገለጠ። ስለዚህ ያደገ፣ የተማረ፣ ሥራ የያዘ ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያለቅስ ብናይ እምነቱ ደከመ አንበል።

አራተኛ፣ ዕርቁ በቸኮለ መንገድ አልመጣም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ከማቀፉ በፊት ልባቸው መለወጡን መርምሯል። ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ባሪያ አድርጎ እስኪሰጥ ድረስ ማንነቱን አልገለጠም። ይቅርታ ማድረግና የበደለን ሰው ሳይመረመር ዳግመኛ በደካማው ላይ ማሰልጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ለኋላው ክፍል እንያዘው።

በመጨረሻም ዮሴፍ ወንድሞቹንና ልጆቻቸውን መገበ (ዘፍ. 50)። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጆች ይወርድ የነበረው ሰንሰለት በእርሱ እጅ ተበጠሰ። ጽናት ወደ ፍጻሜው ደረሰ የምንለው በዚህ ነው፤ የተበደለው ልጅ በተራው ሌላውን ሳይበድል ሲቀርና ለሌላው መጠለያ ሲሆን።

፪. ቅዱስ ያሬድና የምንዘነጋው የታሪኩ ክፍል

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ይህ አባት በሕፃንነቱ አባቱ እንደ ሞተበት፣ እናቱም ለመምህር ጌዴዎን ለትምህርት እንደ ሰጠችው ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ትምህርት አልገባው ብሎ ቢቸገር፣ ቅጣቱም ቢበዛበት ሸሽቶ ሄደ። በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ሲጥር፣ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ ደጋግሞም ሲነሣ፣ በመጨረሻ ከፍሬው ሲደርስ አየ። ከዚያም ራሱን ገሥጾ ተመለሰ። ዛሬም ድረስ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የምናመሰግንበት ዜማ የዚያ የተመለሰ ልጅ በረከት ነው።

ስለ ትሉ ሁላችንም እናስተምራለን። የምንዘነጋው ቀጥሎ ያለውን ነው። ያሬድ ሲመለስ የሚመለስበት ጉባኤ ነበረው። መምህሩ «አንተ ደካማ፣ አንዴ ጠፍተሃል» ብለው በሩን አልዘጉበትም፤ ተቀብለው አስተማሩት። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ከትሉ ያገኘው ትምህርት በየት ይፈጸም ነበር? ወድቆ ለሚነሣ ልጅ የተከፈተ በር ማቆየት የእኛ የጎልማሶቹ ድርሻ ነው። ከትምህርት ቤት ያቋረጠ፣ ከቤት የጠፋ፣ በከተማ ጎዳና የቆየ ልጅ በአንድ እሑድ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ቢል በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል ምን እንደሆነ እናስብ።

ስለ ቅጣቱም አንድ ቃል እንጨምር። ያሬድ ከቅጣት ሸሽቶ መውጣቱን ታሪኩ ይነግረናል፤ በቅጣት ተማረ ግን አይለንም። ያስተማረው ተስፋ ነው። በዘመናችንም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት (1987 ዓ.ም.) በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። የአብነት መምህሮቻችንና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

፫. የቆሎ ተማሪን ያቆመው ማን ነበር?

አያሌ ሊቃውንቶቻችን የድሃ ልጆች ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ የጠኑ ናቸው። አንዳንዱ ከእንጀራ እናት ወይም ከእንጀራ አባት በደል ሸሽቶ ነው ጉባኤ ቤት የደረሰው። ይህን የምናነሣው ስለ ብርታታቸው ለመመስከር ነው። ግን የብርታታቸውን መሠረት እንመርምር።

የቆሎ ተማሪው ሦስት ነገር ነበረው። በመጀመሪያ፣ ሳታውቀው «የእመቤቴ እንግዳ» ብላ ከሌማቷ ቆርሳ የምትሰጠው የመንደር እናት ነበረችው። ሁለተኛ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚያስተምር፣ በስሙ የሚጠራው መምህር ነበረው። ሦስተኛ፣ ፊደል የሚያስቆጥረው፣ ዳዊት የሚያስደግመው፣ ሲታመምም የሚያስታምመው ታላቅ ባልንጀራ ነበረው። እነዚህ ሦስቱ ባይኖሩ ኖሮ የልጁ ብርታት ብቻውን ቅኔ ቤት አያደርሰውም ነበር።

ይሁን እንጂ ያን ኑሮ ከመጠን በላይ አናሳምረው። በአንዲት ጎጆ ተጨናንቀው በሚያድሩ ተማሪዎች ላይ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ ዛሬም ይነሣል። ብርድና ረኃብ አሳዳጅ ናቸው፤ ከመንገድ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። የተሳካላቸውን እየቆጠርን የቀሩትን አንርሳ። የደረሱት ስለ ጸኑ ደረሱ ስንል፣ የቀሩት ሁሉ ስላልጸኑ ቀሩ ማለት አይደለም።

፬. አርባ ዓመት የተከታተለ ጥናት

አባቶቻችን በኑሮ ያወቁትን በዘመናችን ጥናት ደግሞ አረጋግጦታል። በሐዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ኤሚ ዌርነርና ሩት ስሚዝ የተባሉ ሁለት ምሁራን ከባልደረቦቻቸው ጋር እስከ አርባ ዓመታቸው ድረስ ተከታትለዋል። ከሕፃናቱ ሲሶ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ብዙ ችግር የተደራረበባቸው ነበሩ፤ ድህነት፣ አስቸጋሪ ወሊድ፣ የወላጆች ጠብና መለያየት፣ የአባት ወይም የእናት ስካር፣ የአእምሮ ሕመም።

ችግር ከተደራረበባቸው ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ከባድ ችግር ገጠማቸው፤ በትምህርት ወደ ኋላ ቀሩ፣ ከሕግ ጋር ተጋጩ፣ ወይም በመንፈስ ተጎዱ። ከሦስቱ አንዱ ግን ሥራ ወዳድ፣ ለሰው የሚያስብና ራሱን የቻለ ጎልማሳ ሆነ። ምሁራኑ ልዩነቱን ሲመረምሩ፣ በእነዚህ ልጆች ሕይወት ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ፣ ልጁን ከልቡ የተቀበለ ጎልማሳ አገኙ። ወላጅ ሲደክም አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አገልጋይ ያን ስፍራ ይዞ ነበር። ልጆቹ በአቅማቸው ልክ የሚታመኑበት ኃላፊነት ነበራቸው፤ ታናናሾቻቸውን ይጠብቁ፣ ቤት ያግዙ ነበር። እምነታቸውም መከራቸው ትርጉም አልባ እንዳይሆንባቸው ረድቷቸዋል።

ሌላም የሚያጽናና ግኝት አለ። በጉርምስናቸው ከወደቁት ብዙዎቹ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ተመልሰው ተነሥተዋል። ለዚህም ምክንያት የሆኑት ዳግመኛ የመማር ዕድል፣ ሥራ፣ ደኅና ትዳር፣ ወደ ሃይማኖት ማኅበር መግባት ነበሩ። የያሬድ የተከፈተ በር ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ምንጮች አንድ ነገር ተረድተናል። ጽናት ከልጁ የሚጠበቅ፣ በእግዚአብሔርም ጸጋ የሚገኝ ነው፤ በሰው በኩል ግን የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል። መሬቱ አንድ የታመነ ሰው፣ የዕለት እንጀራ፣ የሚታመኑበት ሥራ፣ ሲወድቁ የማይዘጋ በር ነው። ይህን ሳናዘጋጅ «ጽና» ብቻ ብንል፣ ሸክሙን በጨመርንበት ልጅ ላይ ምክርንም እንደ ሸክም እናክላለን። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ልብስና ምግብ ለሌላቸው በሰላም ሂዱ ብሎ ባዶ እጃቸውን የሚያሰናብትን የገሠጸው ስለዚህ ነው።

፭. አጥቢያው ምን ያድርግ?

ሀ. መዝገቡን እናስተካክል። በልማትና በምግባረ ሠናይ ክፍል አማካይነት በአጥቢያው ያሉትን ቤቶች እንወቅ። በመዝገቡ ላይ «የሚያስቸግሩ» ብቻ ሳይሆኑ ዝም ብለው የሚሸከሙ ልጆችም ይግቡ። ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ፤ ሰኞ ሰኞ ከትምህርት የሚቀር፣ ታናናሾቹን ሳያበላ የማይበላ፣ በክፍል የሚያንቀላፋ፣ ወደ ቤት ለመሄድ የሚፈራ። የንስሐ አባቶች ብዙ ቤት ያውቃሉ፤ ሆኖም በኑዛዜ የተሰማ ነገር ወደ መዝገብም ወደ ኮሚቴም አይወጣም። ካህኑ ተነሳሒውን ራሱ ወደ ኮሚቴው እንዲመጣ ሊመክረው ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም። መዝገቡም በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በዐውደ ምሕረት አይነበብ።

ለ. ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው። አዲስ ሥርዓት መፈልሰፍ አያስፈልገንም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ቆሞ አደራ ተቀብሏል። ይህ አደራ በብዙ ቦታ በጥምቀት ቀን ድግስ ብቻ ቀርቷል። ኮሚቴው የክርስትና አባቱን ፈልጎ አደራውን ያስታውሰው። የሞተ ወይም የራቀ ከሆነ በምእመናን ዘንድ የተመሰከረለት ሰው ይተካ። ሥራውም ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ ልጁን ማግኘት፣ ደብተሩን ማየት፣ ስለ ውሎው መጠየቅ፣ አለማቋረጥ። ግንኙነቱ ሰው በሚያይበት ስፍራ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ብቻ ለብቻ አይሁን። ልጁም የሚያስፈራ ነገር ቢገጥመው ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይነገረው።

ሐ. እንጀራው ከነክብሩ ይሰጥ። ልጁን ከእናቱ መለየት ቀርቶ እናቲቱን ማቆም ይቅደም። ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤቱ ለማውጣት ምክንያት አይሆንም። ጥቂት ዶሮዎች፣ የጉልት መነሻ ገንዘብ፣ በቁጠባ ማኅበር መግባት፣ ለአንድ ቤት ከአንድ ጊዜ ስንዴ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት፣ ዕድሮችም ለአንድ ልጅ የደብተርና የደንብ ልብስ ወጪ ቢከፍሉ ከዝክራቸው ጋር የሚስማማ ነው። ስጦታው በአደባባይ ሰልፍና በፎቶግራፍ አይሁን። በክፍል ጓደኞቹ ፊት «የተረጂ ልጅ» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ረኃቡን ይደብቃል።

መ. ኃላፊነት እንስጠው። ለዕድሜው የሚስማማ አገልግሎት፣ ታናናሾችን ፊደል ማስቆጠር፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መጻሕፍት መጠበቅ፣ ከዲያቆናት ጋር መቆም፣ ልጁን ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ያሳድገዋል። ነገር ግን አገልግሎትና ጉልበት ብዝበዛ አይምታቱብን። ልጅን ከትምህርት ሰዓቱ እየነጠቅን የደብሩን እርሻ ብናሳርሰው ኃላፊነት ሰጠነው አይባልም።

ሠ. አደጋ ሲኖር ሕግ ይቅደም። ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ መላክ የቆየ መልካም ባህላችን ነው። በልጅ ላይ ግን ድብደባ፣ የወሲብ ጥቃት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሲደርስ ጉዳዩ ወንጀል ነው፤ በሽምግልና አይሸፈንም። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። ድሃ ወላጅ ልጁን በልጅነቷ ሲድር ብዙ ጊዜ «አፍ ልቀንስ» ብሎ ነው፤ ካህን ግን ያን ጋብቻ መባረክ አይገባውም። ልጅ ለጎጂ ነገር ተጋልጦ ሲገኝ ኮሚቴው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ፈጥኖ ያድርስ። «አባትህን ይቅር በለው» የሚለው ምክር ልጁ ከአደጋ ከወጣ በኋላ፣ በጊዜውና በንስሐ አባቱ መሪነት የሚመጣ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን መርምሮ እንደ ታረቀ እናስታውስ።

ረ. አንደበታችንን እንጠብቅ። «ሴት ያሳደገው»፣ «የሰካራም ልጅ»፣ «ዲቃላ»፣ «ዘሩ ነው» የሚሉ ቃላት በደጀ ሰላማችንም ይሰማሉ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጽ አስተምሯል። ስለ ቤተሰብ በምንሰብክበትም ጊዜ ከፊታችን ከቆሙት ልጆች የአባትን ስም በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡ መኖራቸውን አንዘንጋ። እግዚአብሔርን አባት ብሎ መጥራት የሚከብደው ልጅ መጀመሪያ አባትነትን በአንድ ምእመን ፊት ላይ ማየት ያስፈልገዋል።

፮. ለውይይት የሚሆን ምሳሌ

አንዲት አጥቢያ እናስብ። የ13 ዓመት ልጅ አለች፤ እናቷ በሕመም ተኝታለች፤ አባቷ ሲጠጣ ያመሻል፣ አንዳንድ ሌሊትም ይማታል። ውኃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ሁለት ወንድሞቿን ታጥባለች፣ በትምህርቷ ግን አልደከመችም። ዘመዶቿ ወደ ከተማ ሄዳ በሰው ቤት ብትሠራ ለቤቱ እንደሚበጅ ይመክራሉ። ሌሎች ደግሞ ለመዳር አስበዋል። መምህሯ ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነገሩት። በስብሰባው አንዱ «ጠንካራ ልጅ ናት፤ አትሰበርም» አለ። ሌላው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌ እንላክ» አለ። ሦስተኛው ዝም አለ።

ይህች ልጅ የጎደላት ጽናት አይደለም፤ ጽናቷ ከእኛ ይበልጣል። የሴት ልጅ ጽናት ብዙ ጊዜ ዝምታ ስለሚመስለን ቶሎ አይታየንም። ምሳሌውን በሚከተሉት ጥያቄዎች ተወያዩበት።

1. ከላይ ከተዘረዘሩት ከሀ እስከ ረ ካሉት እርምጃዎች ለዚህች ልጅ በመጀመሪያ በዚህ ሳምንት የሚፈጸመው የትኛው ነው? ለምን?

2. ሽማግሌ የሚገባበት ጉዳይና ሕግ የሚገባበት ጉዳይ በዚህ ቤት ውስጥ እንዴት ይለያያሉ?

3. እናቲቱን ለማሳከምና ለመደገፍ በአጥቢያችን ያሉ ማኅበራት ምን ማድረግ ይችላሉ? የትኛው ማኅበር፣ በማን አማካይነት?

4. የክርስትና እናቷ በሕይወት ካለች ምን እንድታደርግ እንጠይቃት?

5. ባለፈው ዓመት በአጥቢያችን «ይወጣዋል» ወይም «ትወጣዋለች» ተብሎ የታለፈ ልጅ አለን? ስሙን ለመዝገብ ያዡ ብቻ ይሰጥ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የእኛን አስተያየት እንግለጽ። የመጀመሪያው እርምጃ ሌሊቱ ነው። ልጅቱና ወንድሞቿ ዛሬ ሌሊት ካልተማመኑበት ቤት ውስጥ ሌላው ድጋፍ ሁሉ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሕጋዊ ጥበቃና የሚያድሩበት የታመነ የዘመድ ቤት ይፈለግ፤ ከዚያ የእናቲቱ ሕክምና ይከተል፤ ከዚያ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ይደረግ። አባትየውም የአጥቢያችን ሰው ነውና አይጣል። ከመጠጥ እንዲላቀቅ የንስሐ አባቱና የጤና ባለሙያ ይርዱት፤ ሆኖም የእርሱ መመለስ እስኪረጋገጥ የልጆቹ ደኅንነት አይጠብቅም።

ማጠቃለያ

ጽናትን ማድነቅ ቀላል ነው፤ ዋጋም አያስከፍልም። ጽኑዑን ልጅ መደገፍ ግን ከጊዜያችን፣ ከሌማታችንና ከዝምታችን ይጠይቃል። የዚህን ሩብ ዓመት ሥራ በአንድ ነገር እንድትጀምሩ በትሕትና እንጠይቃለን፤ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የልጆቹን መዝገብ ገልጣችሁ፣ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ የታለፈ አንድ ልጅ ስም ጻፉ፤ ከስሙ ጎን ደግሞ በየሳምንቱ የሚያየውን የአንድ ጎልማሳ ስም ጻፉ። ለጠጅ አሳላፊው ማስታወስ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ እኛ ግን ከሚቀጥለው ስብሰባ አናሳልፈው።

ልዑል እግዚአብሔር የሙት ልጆች አባት ነውና በእጃችን ይሥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።